ማን ይሰማል? የሕሙማን መከታተያ ማንቂያ አጭር ታሪክ

መግቢያ

ኢንተርን ሆኜ በምሠራበት ዓመት፣ በአንድ የሌሊት ተረኝነት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ በነበረው ብቸኛ ሞኒተር ላይ ሁለት ሕመምተኞች ተፈራረቁ። የመጀመሪያው ጉልበታም ወጣት ገበሬ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 52 ይወርዳል፤ የሞኒተሩ ዝቅተኛ ገደብ ግን 60 ላይ ስለነበር ማሽኑ ሲጮህ አመሸ። በአጠገቡ የተኙት ሕመምተኞች እንቅልፍ አጡ፤ አስታማሚዎችም ተጨነቁ። በመጨረሻ ተረኛዋ ነርስ «ዶክተር፣ ልጁ ደኅና ነው፤ ድምፁን ላጥፋው?» ስትለኝ፣ «ያጥፉት ሲስተር» አልኩ። ሊነጋጋ ሲል ወጣቱ ከሞኒተሩ ተላቅቆ ከቀዶ ሕክምና የወጡ አንዲት እናት በምትኩ ተያያዙ። ድምፁ እንደጠፋ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። የኦክሲጅን መጠናቸው ሲወርድ ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ማሽኑ ግን ዝም አለ። ያዳናቸው፣ ራስጌያቸው የተቀመጠችው ልጃቸው «ዶክተር፣ የእማዬ ከንፈር ጠቆረ!» ብላ መጮኋ ነው። የአየር መተላለፊያቸው ተከፍቶ፣ ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ተረፉ። ከሳምንት በኋላም በእግራቸው ሄደው ከሆስፒታሉ ወጡ።

ያ ሌሊት ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፤ መለካት የሚገባውን ለክቷል። እኛም አልተኛንም ነበር። የጎደለው በመለኪያው እና በሰው መካከል ያለው ነገር ነው፦ መቼ ይጩህ? ለማን ይጩህ? የሰማውስ ምን ያድርግ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ባለፉት 120 ዓመታት ገደማ በሕክምና ውስጥ እንዴት እንደተነሡና እንዴት እንደተመለሱ ባጭሩ ለመዳሰስ ተሞክሯል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአልጋ ወደ ሩቅ የተላከ የመጀመሪያው መልእክት

ለብዙ ሺህ ዓመታት የሕመምተኛው መከታተያ የሐኪሙ ጣት፣ ዐይንና ጆሮ ነበር። ሕመምተኛውን ለመከታተል አጠገቡ መገኘት ግድ ነበር። ይህን ግዴታ ለመጀመሪያ ጊዜ ካላሉት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በ1905 በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ከተማ ነው። ዊለም አይንቶቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያው እጅግ ከባድና ግዙፍ ስለነበር ወደ ሕመምተኛው አልጋ ሊወስደው አልቻለም። ስለዚህ መሣሪያውን በቤተ ሙከራው ትቶ የሕመምተኛውን የልብ ምልክት 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ሆስፒታል በስልክ ሽቦ አስመጣው። አይንቶቨን በሥራው የ1924ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ። በላይደን ሽቦው የልቡን ምልክት ያመጣል እንጂ «ይህ ሰው አደጋ ላይ ነው» አይልም ነበር። ምልክቱን አንብቦ ትርጉም የሚሰጠው ሰው ነው። መሣሪያው ራሱ ፍርድ ሰጥቶ ሰውን እንዲጠራ ለማድረግ ከ50 ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ኮፐንሃገን፣ 1952

በ1952 በጋ ኮፐንሃገንን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። የብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈስ በተሳናቸው ሕመምተኞች ተጨናነቀ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከእነዚህ ከባድ ሕመምተኞች 31ዱ መካከል 27ቱ ሞቱ። ነሐሴ ላይ የሰመመን ሐኪሙ ቢየርን ኢብሰን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ እንዲከፈት አድርጎ በቱቦና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሰጣት፤ ልጅቷም ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ። ወረርሽኙ በበረታበት ወቅት በአንድ ጊዜ 70 ያህል ሕመምተኞች በዚህ መንገድ ይተነፍሱ ነበር። የሟቾችም ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

እነዚያ ተማሪዎች ከረጢት ጨማቂዎች ብቻ አልነበሩም፤ መከታተያም ነበሩ። የሕመምተኛው ቆዳ ሲያልበው፣ ቀለሙ ሲለወጥ፣ የልብ ምቱ ሲፈጥን የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ለካ፣ ፈራጅና ሠሪ በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ኢብሰን በ1953 መጨረሻ በዚያው ከተማ ያቋቋመው ክፍል ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው መነሻ እንደሆነ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ ተማሪ ለዘለዓለም ማቆም ግን አይቻልም። ማሽኑ የተፈለገው የተማሪውን ቦታ እንዲይዝ ነው። የያዘው ግን የቦታውን ከፊል ብቻ ነበር፦ ይለካል፣ ይጮኻል፤ እጅ ግን የለውም።

የልብ ክፍሎችና የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ

በ1960 ኮወንሆቨንና የሥራ ባልደረቦቹ ደረት ሳይከፈት የቆመን ልብ በእጅ በመጫን ማሠራት እንደሚቻል በጽሑፍ አሳወቁ። የኤሌክትሪክ ድንጋጤ ሕክምናም ከዚያ በፊት በፖል ዞል ሥራ በሰው ላይ ውጤት አሳይቶ ነበር። ስለዚህ የቆመ ልብ የማይመለስ መሆኑ ቀረ። ይሁን እንጂ መመለስ የሚቻለው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከተደረሰበት ብቻ ነው። ጥያቄው ከሕክምና ጥያቄነት ወደ መልእክት ጥያቄነት ተለወጠ።

በ1961 በኤደንብራ ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም ዴዝመንድ ጁልየን ለዚህ ጥያቄ መልስ አቀረበ። ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸው ሰዎች በአንድ ክፍል ይሰብሰቡ፤ የልብ ምታቸው ማንቂያ ባለው መሣሪያ ያለማቋረጥ ይታይ፤ የሠለጠኑ ነርሶችም ሐኪም በሌለበት ሕይወት የማዳን ሥራውን ይጀምሩ አለ። በ1962 ግንቦት በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ሂዩዝ ዴይ በቤተኒ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ክፍል ከፈተ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመሣሪያው ክፍል ነው። ነገር ግን የጁልየን ሐሳብ ክብደት ያለው በመጨረሻው ነጥብ ላይ ይመስለኛል። ማንቂያው ሲጮህ አጠገቡ ያለችው ነርስ ሐኪም እስኪመጣ ቆማ እንድትጠብቅ ብትገደድ ኖሮ፣ ማሽኑ ሞትን ከመመዝገብ ያለፈ ጥቅም አይኖረውም ነበር። ጩኸቱ ዋጋ ያገኘው የሰማው ሰው ዕውቀትም ሥልጣንም ስለተሰጠው ነው።

ከረብሻ ውስጥ የተገኘ ምልክት

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው ከጃፓን ነው። ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ውስጥ በጆሮ ላይ በሚበራ ብርሃን አማካይነት ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ለመለካት ይሞክር ነበር። የደም ሥር ምት ግን ልኬቱን እያወዛወዘ አስቸገረው። ይህን ረብሻ ለማጥፋት ሲጥር፣ ረብሻው ራሱ በደም ወሳጁ ውስጥ ስላለው ኦክሲጅን የሚናገር መሆኑን ተረዳ። ግኝቱ በ1974 ይፋ ሆነ። ዛሬ በጣት ላይ የምናደርገው ፐልስ ኦክሲሜትር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

በ1983 በአሜሪካ ኔልኮር የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኦክሲሜትር አንድ ቀላል፣ ነገር ግን ጥልቅ ሐሳብ ይዞ መጣ። ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር የሚሰማው ድምፅ ኦክሲጅኑ ሲቀንስ እየወፈረ ይሄዳል። የሰመመን ባለሙያው ዐይኑን ከሕመምተኛው ሳያነሣ በጆሮው ብቻ ሁኔታውን ይከታተላል። መሣሪያው ገደብ እስኪታለፍ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት የሚጮህ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚያወራ ነበር። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ያሉ ሆስፒታሎች በ1985 ያወጡት የሰመመን ክትትል መመሪያ በ1986 ታትሞ ወጣ፤ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም በዚያው ዓመት መመዘኛውን አጸደቀ። በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት የማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥም «ኦክሲሜትሩ ተያይዟል? ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ቦታ አገኘ።

ጆሮ ባዳ ሲሆን

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለሆስፒታል ክፍልም ይሠራል። ለልብ ምት፣ ለደም ግፊት፣ ለኦክሲጅን፣ ለመተንፈሻ ማሽን፣ ለመድኃኒት ፓምፕ የየራሳቸው ማንቂያ ተሰጣቸው። የየመሣሪያው አምራች፣ አደጋን ሳይናገር ቀረ ተብሎ ከመከሰስ ያለአግባብ ጮኸ መባልን ይመርጣል። የሁሉም ድምር ማንም ያላሰበው ሁካታ ሆነ።

ይህ የተስተዋለው ዘግይቶ አይደለም። በ1986 በአንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሦስት ሳምንታት ውስጥ የተሰሙ 1,455 ማንቂያዎች ሲመረመሩ፣ ለሕይወት አስጊ ሁኔታን ያመለከቱት 8 ብቻ ነበሩ። በ1997 በአንድ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላይ የቀረበ ጥናት 86 በመቶዎቹ የሐሰት፣ 6 በመቶዎቹ እውነት ቢሆኑም ለሕክምና የማይጠቅሙ፣ 8 በመቶዎቹ ብቻ ጠቃሚ እንደነበሩ አሳየ። በ2014 ከሳን ፍራንሲስኮ የታተመ ጥናት ደግሞ በ77 አልጋዎች ላይ በ31 ቀናት ውስጥ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ማንቂያዎች መመዝገባቸውን ገለጸ። በድምፅ የተሰሙት ብቻ ሲቆጠሩ በአንድ አልጋ በቀን 187 ደረሱ። ባለሙያዎች መርምረው ከለዩአቸው የልብ ምት መዛባት ማንቂያዎች ውስጥም 88.8 በመቶው ሐሰት ነበር።

የሰው ጆሮ እንዲህ ያለውን ነገር የሚቋቋምበት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አለመስማት። ይህም የስንፍና ምልክት አይደለም። አሥር ጊዜ ተነሥቶ አሥር ጊዜ በከንቱ የሮጠ ነርስ ለዐሥራ አንደኛው ቢዘገይ፣ አእምሮው ከተሞክሮ ተምሮ ነው። ነገር ግን ዐሥራ አንደኛው እውነተኛው ሊሆን ይችላል። ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ በ2011 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2005 እስከ 2010 አጋማሽ ባለው ጊዜ በአሜሪካ ከ200 በላይ ሞቶች ከመከታተያ ማንቂያዎች ጋር መያያዛቸውን ገለጸ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በሚያዝያ 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ፣ ከ2009 መጀመሪያ እስከ ሰኔ 2012 ሪፖርት ከተደረጉለት 98 ከማንቂያ ጋር የተያያዙ አደጋዎች ውስጥ 80ዎቹ በሞት መጠናቀቃቸውን አስታወቀ። ከ2014 ጀምሮም የማንቂያ አያያዝ የሆስፒታሎች የደኅንነት ግብ ሆነ።

ድምፆቹን በማሻሻል ችግሩን ለመፍታትም ተሞክሯል። በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለልብ፣ ለመተንፈሻ፣ ለመድኃኒት ወዘተ የተለያዩ አጫጭር ዜማዎችን መደበ። ይሁንና በ2006 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት ተሳታፊዎቹ ዜማዎቹን ከተማሩ በኋላም ለመለየት እንደሚቸገሩ አሳየ። በ2020 በተደረገው ማሻሻያ ትርጉማቸውን ራሳቸው የሚናገሩ ድምፆች ተካተቱ፤ ለምሳሌ ለልብ የልብ ምትን የሚመስል፣ ለመድኃኒት በጠርሙስ ውስጥ የሚንኳኳ ክኒን የሚመስል ድምፅ ተመረጠ።

ገደብን ማስተካከል እንደ ሕክምና ሥራ

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከዜማ ሳይሆን ከገደብ ነው። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በአንድ ክፍል የሞኒተሮቹ መነሻ ገደቦች እንደገና ተመርምረው ሲስተካከሉና ነርሶች ለየሕመምተኛው እንዲያስማሙት ሲሠለጥኑ፣ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ማንቂያዎች በ43 በመቶ እንደቀነሱ በ2010 ታትሟል። በቦስተን የሕክምና ማዕከል የልብ ክፍል ደግሞ በ2014 በታተመው ሥራ በሳምንት የሚሰሙት ማንቂያዎች በ89 በመቶ ቀነሱ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ በቸልታ ያመለጠ የልብ አደጋም አልተመዘገበም።

ጊዜን መጨመርም እንደዚሁ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት፣ ማሽኑ ከመጮሁ በፊት 14 ሰከንድ ቢታገሥ ከንቱ ማንቂያዎቹ በግማሽ፣ 19 ሰከንድ ቢታገሥ በ67 በመቶ እንደሚቀንሱ አመለከተ። ሕመምተኛው ሲያስለው ወይም ጣቱን ሲያንቀሳቅስ የሚወርደው ቁጥር በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይመለሳልና ነው። በእርግጥ ለልብ መቆም መታገሥ አይቻልም። የትኛው ይታገሣል፣ የትኛው አይታገሥም የሚለውን የሚወስነው የሕክምና ዕውቀት ነው፤ ውሳኔው ለቴክኒሻን ብቻ የሚተው አይደለም።

ዛሬ መልእክቱ ከአልጋው ርቆ ሄዷል። የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ ኤችኤል ሰቨን የተባለው የመመዘኛ ድርጅት በ1987 ተቋቋመ። አሁን ሴንሰሩ የለካው ቁጥር ወደ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ በተሰጠው ደንብ መርምሮ በተረኛው እጅ ስልክ ላይ ማሳወቂያ ይልካል፤ ተረኛው በተወሰነ ጊዜ ካልመለሰ ወደ ሁለተኛው ሰው ያሻግራል። ደንቡን የሚጽፈው ሰው እንግዲህ የጥንቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመለስ ይኖርበታል፦ ገደቡ ስንት? ለምን ያህል ጊዜ ሲታለፍ? ለማን? ካልመለሰስ ለማን?

አምስተኛም ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ራሱ ዝም ቢልስ? ለዚህ ጥሩ መልስ የተገኘው ከሕክምና ውጪ ነው። በ1999 አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ኤምኪውቲቲ የተባለውን የመልእክት ሥርዓት ነደፉ። በዚህ ሥርዓት መሣሪያው ገና ሲገናኝ ኑዛዜ ማስቀመጥ ይችላል፤ ግንኙነቱ በድንገት ቢቋረጥ ማዕከሉ ያንን ኑዛዜ ለሚመለከታቸው ሁሉ ያሰማል። ሐሳቡ ለሐኪም ሊጠፋው የማይገባ ነው። ዝምታ «ደኅና ነው» ማለት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ዝምታም ራሱ መልእክት መሆን አለበት። በዚያ ሌሊት ድምፁ የጠፋው ሞኒተር ድምፁ እንደጠፋ የሚነግረን ቢሆን ኖሮ፣ የእናትየው ሕይወት በልጃቸው ዐይን ላይ ብቻ ባልተንጠለጠለ ነበር።

ገደቡ የማን ገደብ ነው?

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ታሪክ ይመስል ይሆናል፤ ግን አይደለም። በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጽሑፍ፣ ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብብ በደም ምርመራ ከ88 በመቶ በታች ሆነው የተገኙት ከነጮች 3.6 በመቶ ሲሆኑ ከጥቁሮች 11.7 በመቶ እንደነበሩ አሳየ። ስለዚህ በሌላ ሕዝብ ቆዳ ላይ ተፈትኖ የተቀመጠ ገደብ በእኛ ሕመምተኞች ላይ ሊዘገይ ይችላል። በሌላ በኩል ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ኦክሲጅኑ ዝቅተኛ ነው ብሎ በግምት መደምደምም አያዋጣም። በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት አማካይ የኦክሲጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ለራስ ሕዝብ የሚሆን ገደብ የሚገኘው ያንን ሕዝብ በመለካት ብቻ ነው።

ደግሞም ጥሩ ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ውድ ክፍሎች ብቻ መመልከት አያስፈልግም። በክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠውን፣ የ30 ቀናት ሙቀት የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ እንውሰድ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መሣሪያው ግን ከ8 በላይ ሲሆን ወዲያው አይጮህም፤ ሙቀቱ ሳያቋርጥ 10 ሰዓት ሲቆይ ነው ማንቂያውን የሚያሳየው። ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ሲደርስ ግን 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ልዩነቱ ከክትባቱ ጠባይ የመጣ ነው። ሙቀት ቀስ በቀስ ያዳክማል፤ ቅዝቃዜ ግን እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉትን ክትባቶች በአጭር ጊዜ መልሶ በማይጠገን ሁኔታ ያበላሻል። በሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ የብዙ ዓመት የክትባት ዕውቀት ታምቆ ይገኛል። ማለዳ ማቀዝቀዣውን ስትከፍት የምታነበው ባለሙያም ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች።

ማጠቃለያ

ከላይደን እስከ ኮፐንሃገን፣ ከካንሳስ እስከ ጤና ተቋማችን የክትባት ማቀዝቀዣ ድረስ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። መለካት እያደር ቀላልና ርካሽ ሆኗል፤ ማሳወቅም ቀላል ሆኗል። ያልቀለለው መስማት ነው። አዲስ ሞኒተር በስጦታም ሆነ በግዢ ሲመጣ ርክክቡ የሚያበቃው ማሽኑ በርቶ ቁጥር ሲያሳይ መሆን የለበትም። ገደቦቹን ማን መረመራቸው? ሕመምተኛ ሲቀየር ማን ይመልሳቸዋል? ነርሷ እንድታስተካክላቸው ሥልጣን ተሰጥቷታል? ድምፁ ሲጠፋ በምን ይታወቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በእያንዳንዱ የተረኛ ርክክብ ላይ ከሕመምተኛው ስምና ከሚወስደው መድኃኒት ጋር አብረው ቢነሡ ወጪ የላቸውም።

እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ተረኝነት ስረከብ መጀመሪያ የምመለከተው የሞኒተሩን ቁጥር ሳይሆን በጥጉ ያለችውን የደወል ምልክት ነው። መስመር ተሰርዞባት ካየሁ፣ ማን እንደሰረዘውና ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከዚያም ዘወር ብዬ ራስጌ የተቀመጠውን አስታማሚ «ምን ታዘብክ?» እለዋለሁ።